ቅምጥሏ ቡቺ እንዳየችው፦ ሸርሊንግተን፣ ኦልድ ታውንና ሼናንዶዋ

ስሜ ቡቺ ነው። ማልቲፑ፣ ማለትም የማልቲዝና የፑድል ድቅል የሆነች ትንሽ ውሻ ነኝ፣ ክብደቴ 9 ፓውንድ። አልጋዬ ለስላሳ ነው፣ ጠጉሬ በየቀኑ ይበጠራል፣ መኪና ውስጥ የራሴ መቀመጫና ቀበቶ አለኝ። ቅምጥል ነኝ፣ አዎ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ ከእማዬ ጋር ነው። እማዬ የምላት አሳዳጊዬን ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት መቀመጥ አይሆንላትም፣ እኔም እንደዚያው።

በየመናፈሻው ውሻ የያዘ ሐበሻ ሲያገኘን መጀመሪያ የሚጠይቃት «ይዘሻት የት የት ትሄጃለሽ?» ብሎ ነው። እስቲ እኔው ልመልስ፤ ከታች ሆኖ የሚያየው እኔ ነኝና። አንድን ቦታ የምመዝነው በትንሽ ነገር ነው። ጥላ አለው? ውሃ አለው? ስጋደም ሰው አይረግጠኝም? ሰዎቹ እጃቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት ይጠይቃሉ? በር ላይ የተለጠፈ የውሻ ሥዕል ለእኔ ምንም አይነግረኝም።

ከሁሉ የምወደው ሸርሊንግተን ነው። የውሻ ፓርኩ ፎር ማይል ረን የሚባለውን ጅረት ተከትሎ የተዘረጋ፣ ረጅም፣ በአጥር የታጠረ ቦታ ነው። መግቢያው ሁለት በር አለው። የመጀመሪያውን አልፈሽ ትዘጊያለሽ፣ እዚያ መሃል ላይ ገመዱን ትፈቺያለሽ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ትከፍቺያለሽ። እባካችሁ ሁለቱን በር አንድ ላይ አትክፈቱ። አንድ ቡችላ ሾልኮ ከወጣ ውጭ ያለው መኪና ነው።

እዚያ የሚመጡት ውሾች ብዙዎቹ ትልልቅ ናቸው። ላብራዶሩ ውሃው ውስጥ ዘሎ ገብቶ፣ ኳሱን ይዞ ወጥቶ፣ ልክ አጠገቤ ሲደርስ ነው የሚራገፈው። እኔ ውሃ አልወድም፣ ግን እሱን ሳይ ደስ ይለኛል። ለእኔ ዓይነቶቹ ለብቻው የተከለለ የትናንሽ ውሾች ክፍል አለ፣ ይሄ ነው ነጥብ ያሰጠው። እዚያ ውስጥ ማንም በጉልበቱ አይገለብጠኝም። ተሯሩጬ፣ አነፍንፌ፣ የአጥሩን ጥግ በሙሉ አሽትቼ ስጨርስ እማዬ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። ማሽተቱን አታቋርጡብን በነገራችን ላይ። ለእናንተ ሽቅብ ቁልቁል መራመድ ሽርሽር ነው፣ ለእኛ ግን ሽርሽሩ ሽታው ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ታመመ፣ ማን ትናንት እዚህ ቆመ፣ ሁሉን የምናውቀው በእሱ ነው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ጅረቱ ውስጥ አታስገቡን፤ የመንገዱን ቆሻሻ ሁሉ ጠርጎ የሚመጣው እዚያ ነው። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውም በሽታ በእንስሳት ሽንት በተበከለ ውሃ ይተላለፋል፣ ለሰውም ይደርሳል፣ ለእኛ ክትባት አለው፤ ሐኪማችንን ጠይቁልን። ሁለተኛው፣ አራት ወር ያልሞላውን ቡችላ ፓርኩ አይፈቅድም። ክትባቱን ሳይጨርስ ከማያውቀው ውሻ ሁሉ ጋር ማደባለቅ ለራሱ ነው ክፉ።

ከፓርኩ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የሸርሊንግተን መንደር አለ። ካምቤል ጎዳና ላይ ግራና ቀኝ ምግብ ቤት ነው፣ ጠረጴዛዎቹ እግረኛ መንገዱ ላይ ይወጣሉ፣ መኪናው በዝግታ ነው የሚያልፈው። ጠዋት ሄዳችሁ ጥላ ያለበትን ጠረጴዛ ያዙ። እማዬ ፎጣዬን ከወንበሩ ሥር ታነጥፍልኛለች፣ የደረት ማሰሪያዬን ከወንበሩ ሳይሆን ከራሷ ወገብ ጋር ታያይዘዋለች። ወንበር ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ቢያስደነግጠኝ ወንበሩን ጎትቼ ነው የምሮጠው፣ ያ ድምፅ ደግሞ የባሰ ያስደነግጠኛል። ጥሩ አስተናጋጅ በምን ይታወቃል ካላችሁኝ፣ የእማዬን ትእዛዝ ከመቀበሏ በፊት የእኔን ውሃ ይዛ የምትመጣዋ ናት። ጎንበስ ብላ ሳህኑን በቀስታ ታስቀምጠዋለች፣ ዓይኔን ትክ ብላ አታይም፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትሄዳለች። እንዲህ ያለችዋ ስትመለስ ጭራዬን እቆላለሁ።

ሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። ስሙን አልጠራውም፣ አንድ ምግብ ቤት ውሻ በደስታ እንቀበላለን ብሎ በድረ ገጹ ጽፎ፣ ስንደርስ ያስቀመጠን ከቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጎን፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚወርድበት ጥግ ላይ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ሐምሌ ነው፣ መዳፌ ተቃጠለ። እማዬ አቅፋኝ እንድትበላ ተገደደች። ውሃ ስትጠይቅ በወረቀት ኩባያ መጣ፤ እኔ ከኩባያ አልጠጣም፣ አፌ አይገባም። ቦታው በደንበኛ ሞልቶ ቢሆን እሺ፣ ግን ጥላ ሥር ያሉት ጠረጴዛዎች ባዶ ነበሩ። እንዲህ ከሆነ አትጥሩን፣ ቤታችን እንቀመጣለን።

ስለ ወለል ካነሳሁ አይቀር፣ የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጋችሁ ሰባት ሰከንድ ማቆየት ካቃታችሁ እኛንም ያቃጥለናል። መኪና ውስጥም ለደቂቃ ብላችሁ አትተዉን። ውጭው 70 ፋራናይት ሆኖ ሰውነታችሁን ደስ ሲለው፣ የተዘጋ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ ወደ 90 ይጠጋል። እኛ እንደ እናንተ ሙሉ ሰውነታችንን አያልበንም፣ የምንቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ቤት ተዉን፤ ቅዳሴው ረጅም ነው፣ ቤት ተኝተን እንጠብቃችኋለን።

አሁን ወደ ሐበሻ ምግብ ቤቶች ልምጣ። ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው ጎዳና ላይ ቡናው ሲቆላ ሽታው ከመኪናው መስኮት ይገባል፣ አፍንጫዬን አውጥቼ ነው የምሄደው። ውጭ ጠረጴዛ ያላቸው ቤቶች ሲፈቅዱልን እንቀመጣለን፣ ሳይፈቅዱ ሲቀሩ እማዬ ቡናዋን በእጇ ይዛ እንሄዳለን፣ ቅሬታ የለንም። ውስጥ መግባትን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ለአካል ጉዳተኛ የተለየ ሥራ እንዲሠራ የሠለጠነ ውሻ ብቻ ነው ምግብ ቤት ውስጥ የመግባት መብት ያለው። ሠራተኛው ሁለት ነገር መጠየቅ ይችላል፦ ውሻው በአካል ጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ፣ የሠለጠነውስ ምን ለመሥራት ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔት የሠለጠነ ውሻ የሚያስመስል ሰደርያ ገዝታችሁ አልብሳችሁን አታስገቡን። ዓይነ ስውር የሚመራው ውሻ እየሠራ ነው፣ እኔ እየተዝናናሁ ነው፤ የምግብ ቤቱ ባለቤት በእኛ ምክንያት እሱን በጥርጣሬ ካየ በደል ነው።

አያቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር የሰነበቱ ጊዜ፣ ውጭ ተቀምጠን ሲያዩ «ኧረ ልጄ፣ ውሻ ከሰው ጋር ማዕድ ይቀርባል እንዴ?» አሉ። እማዬም «እማዬ፣ እሷ የራሷ ምግብ አላት፣ ከእኛ ሳህን አትቀምስም» ብላ መለሰችላቸው። አያቴን እረዳቸዋለሁ። እሳቸው ግቢ ያለ ውሻ የሚያውቁት በር ሲጠብቅ ነው፣ የቤቱን ትራፊ በልቶ፣ ማታ ሲጮህ የሚያድር። እኔ ከወንበራቸው ራቅ ብዬ ተኛሁ፣ እሳቸውም ሳይቆዩ ጫማቸውን አጠገቤ አድርገው ተቀመጡ። ሁሉም ሰው ውሻ መውደድ የለበትም። ለጸሎት የታጠበ ሙስሊም ምራቄ እንዲነካው አይፈልግም፣ ልጅ እያለ የተነከሰ ሰው ይፈራል። ገመዱን ሰብሰብ አድርጎ መንገድ መልቀቅ ምንም አይጎዳም።

ከሳህን አትቀምስም የምትለው ነገር ደግሞ ለክብር አይደለም፣ ለሕይወቴ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። እስቲ አስቡት፣ ዶሮ ወጥ ማለት ራሱ ሽንኩርት አይደል? ምስሩም፣ ሳምቡሳውም እንዲሁ። ክትፎው ሥጋ ብቻ ይመስላል፣ ግን ንጥር ቅቤው ሲነጠር ሽንኩርት ገብቶበታል፣ ስቡም ቆሽታችንን ያሳምማል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ዘቢብ ያለበት ዳቦ ኩላሊት ይጎዳል። የሐበሻ እንግዳ «አይ አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋታል» ይላል፣ ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ሽታው ያሳብደኛል፣ ከሰጣችሁኝም እበላዋለሁ፣ እምቢ የምትሉልኝ እናንተ ናችሁ። ከቤት የተቀቀለ ዶሮ ያለ አጥንትና ያለ ቅመም በትንሽ ዕቃ ይያዝልኝ፣ ያኔ ጉርሻው ለእኔም ይደርሳል። ለሐበሻ ምግብ ቤት ባለቤቶችም አንድ ልመና አለኝ፦ ከበሩ ውጭ አንድ ሳህን ውሃ አስቀምጡ። ወጪው ምንም ነው፣ የሚያልፈው ሁሉ ግን ይቆማል።

ኦልድ ታውን አሌክሳንድሪያ ለፎቶ ነው። ኪንግ ጎዳና ከሜትሮ ጣቢያው እስከ ፖቶማክ ወንዝ አንድ ማይል ገደማ ይሆናል፣ እግረኛ መንገዱ ጡብ ነው፣ ከሱቆቹ በር ላይ ውሃ አይጠፋም። ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሰዉ ይተራመሳል፣ ለእኔ ቁመት ያ ሁሉ ጉልበት ነው የሚታየኝ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ። በሜትሮ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የሠለጠነ ውሻ ካልሆነ በስተቀር በተዘጋ መያዣ ውስጥ መሆን አለብን። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ እገባለሁ፣ ላብራዶር ያለው ሰው በመኪና ይሂድ። አምትራክ ባቡርም ትንንሾችን ይወስዳል፣ ከነመያዣው እስከ 20 ፓውንድ፣ እስከ ሰባት ሰዓት ለሚፈጅ ጉዞ። ኒውዮርክ ያለች አክስት ለመጠየቅ በቂ ነው።

አንድ ሌሊት አድሮ ለመመለስ ከሆነ ግን ሼናንዶዋ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ብዙዎቹ ውሻን ከመኪና ማቆሚያውና ከአስፋልቱ አያሳልፉም። ሼናንዶዋ ከ500 ማይል በላይ የእግር መንገድ አለው፣ ውሻ የማይገባበት ከ20 ማይል ያነሰ ነው። ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው የመኪና መንገድ የተራራውን ጀርባ ይዞ 105 ማይል ይሄዳል፣ ፍጥነቱ 35 ማይል ስለሆነ ሆዴ አይረበሽም። ገመዱ ከስድስት ጫማ መብለጥ የለበትም፣ ያ የሚለጠጠውን ገመድ ቤት ተዉት። ጥቁር ድብ አለ፣ ሽታውን እኔ ከእማዬ በፊት አውቀዋለሁ፤ ቀጥ ብዬ ቆሜ ጠጉሬ ሲነሳ እሷም ትቆማለች።

ከመሄዳችሁ በፊት የተከለከሉትን መንገዶች እዩ። ኦልድ ራግ፣ ዳርክ ሆሎው ፏፏቴ፣ ስቶኒ ማንና ቤርፌንስ ውሻ አይገባም፤ ድንጋዩ ገደል ነው ወይም መንገዱ ጠባብና ሰው የሚበዛበት ነው። ሁሉም ሰው የሚመክራችሁ ደግሞ እነዚሁኑ ነው። የአፓላቺያን የእግር መንገድ ግን ፓርኩን አቋርጦ ያልፋል፣ እዚያ ተፈቅዶልናል፣ ጥላውም የዛፍ ጥላ ነው። ስካይላንድና ቢግ ሜዶውስ የሚባሉት ማረፊያዎች ላይ ውሻ የሚቀበሉ ክፍሎች አሉ፣ ሲይዙ ውሻ እንዳለ መናገር ያስፈልጋል። ማታ እማዬ በባትሪ ጆሮዬን፣ ብብቴን፣ በጣቶቼ መሃል ያለውን ሁሉ እየገለጠች መዥገር ትፈልግልኛለች። ይሄን ያላደረገ ሰው ጉዞውን አልጨረሰም። ጠዋት ሜዳው ላይ ጤዛ ነበር፣ አጋዘኖቹ ራቅ ብለው ይግጣሉ፣ አልጮኽኩም። ይሄን ቦታ ከአምስት አምስት ነው የምሰጠው።

አዲስ አበባስ? ብዙ ሰው ይጠይቃል፣ «ለገና ይዘሻት አትሄጂም?» ይላታል። መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው ጉዳዩ። ኢትዮጵያ፣ ሲዲሲ የሚባለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ነው ከሚላቸው አገሮች ውስጥ ናት። ከነሐሴ 2024 መጀመሪያ (በአሜሪካኖቹ ኦገስት 1) ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ ያለው፣ የሲዲሲ ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት። ከዚህ ሄዶ ለሚመለስ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የተከተበበትን የምስክር ወረቀት ከጉዞው በፊት ሐኪሙ ሞልቶ ዩኤስዲኤ (የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት) ማጽደቅ አለበት። ያ ወረቀት ሳይጸድቅ የወጣ ውሻ ሲመለስ የሚጠብቀው ምርመራ፣ ክፍያ፣ ምናልባትም ለብቻው ተለይቶ መቆየት ነው። ስለዚህ እማዬ አገር ቤት ስትሄድ እኔን ጓደኛዋ ቤት ታስቀምጠኛለች፣ አልጋዬንና የለበሰችውን ሹራብ ይዤ። ለአጭር ጊዜ የምትሄዱ ሁሉ እንዲሁ አድርጉ። ጠቅልላችሁ የምትገቡ ከሆነ ግን ወረቀቱን አስጨርሱና ይዛችሁን ሂዱ፤ በር መጠበቅም እንችላለን።