ባዶውን አትግዙ፦ ስለ አንድ ካርቶን የድሮ ስፒድዌይ ፕሮግራም

በ40 ፓውንድ አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ የእንግሊዝ ስፒድዌይ ፕሮግራም ገዛሁ፤ በሞተር ሳይክል ውድድር ማታ ለተመልካች የሚሸጥ ቀጭን መጽሔት ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንብቡልኝ)። ለፖስታ ሌላ 6 ፓውንድ። ሻጩ አሮጌ ወረቀት በኢንተርኔት የሚቸረችር ሰው ነው፤ የምወቅሰው ነገር ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያው «60 ፍሬ፣ ሁሉም የማንቸስተሩ ቡድን የቤል ቪው፣ ሁሉም የ1970ዎቹ፣ በጥሩ ይዞታ» ይላል። ከአራቱ እውነት ሆኖ የተገኘው 60 መሆናቸው ብቻ ነው።

ቁጭ ብዬ ለየኋቸው። የቤል ቪው 41 ናቸው። የቀሩት ከሌሎች ቡድኖች፣ ከሃሊፋክስ፣ ከክራድሊ ሂዝ፣ ከዊምብልደንና ከኤክሰተር የተለቃቀሙ ሲሆኑ ከመሃላቸው የ80ዎቹም አሉበት። ሦስቱ እርጥበት ገብቷቸው ተጣብቀዋል፤ ቢላ አስገብቼ ላላቅቃቸው ስሞክር ሽፋናቸው ተላጠ። ሽታውንስ ተዉት፤ ባለቤቴ መስኮት ከፍታ ካርቶኑን በእግሯ ወደ በረንዳ ገፋችው። ሁለቱ ደግሞ የመሃል ገጻቸው ተገንጥሎ ወጥቷል። የመሃል ገጽ የሌለው የስፒድዌይ ፕሮግራም ሙሽራ የሌለችበት ሰርግ ነው፤ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ለሻጩ ጻፍኩለት፣ ዝም። ደገምኩት፣ ዝም። በሦስተኛው 8 ፓውንድ መለሰልኝ፣ ይቅርታ የምትል ቃል ግን አልጨመረባትም። እሽጉን ግን ላመስግን። በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ ዳር ዳሩን በካርቶን ቁራጭ ደግፎታል፣ መንገድ ላይ አንድም ጫፍ አልታጠፈም።

ወደ መሃል ገጹ ልምጣ። ስፒድዌይን ለማታውቁ፦ አራት ሰው በአራት ሞተር ሳይክል ሞላላ የአፈር ሜዳ ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማል። ሁሌም የሚዞሩት ወደ ግራ ነው። ሞተሩ 500 ሲሲ፣ ነዳጁ ሜታኖል፣ ማርሹ አንድ። ፍሬን የለውም። አልተሳሳትኩም፣ ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ኩርባው ላይ ሲደርሱ የኋላ ጎማውን ሆን ብለው ያንሸራትቱታል፣ መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዘው ወደ ግራ ይታጠፋሉ፣ የግራ እግራቸው ጫማ ላይ የታሰረው ብረት መሬቱን እየፋቀ ይሄዳል። በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልቃል። አንደኛ የወጣ 3 ነጥብ፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1፣ መጨረሻ የወጣው ባዶ እጁን። በ70ዎቹ አንድ የሊግ ግጥሚያ 13 እንዲህ ያለ ውድድር ነበረው (ዛሬ 15 ነው)፤ ሁለቱ ቡድኖች የሚካፈሉት 78 ነጥብ ነው ማለት ነው፣ እና 40 ለ38 ያለቀ ማታ ጥፍሩን ሳይበላ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው አልነበረም።

እስቲ አስሉት። ሁለት ሰዓት ያህል ስታዲየም ትቆማላችሁ፣ ሞተር ሲሮጥ የምታዩት ግን ተደምሮ 13 ደቂቃ ገደማ ነው። በቀረው ጊዜ ትራክተር ሜዳውን ያስተካክላል፣ ድምፅ ማጉያው ያወራል፣ ሕዝቡ ይጽፋል። አዎ፣ ይጽፋል። የመሃል ገጹ ላይ 13ቱም ውድድሮች በሰንጠረዥ ታትመዋል፦ የአራቱ ስም፣ የሄልሜታቸው ቀለም (ባለሜዳው ቀይና ሰማያዊ፣ እንግዳው ነጭና ቢጫ)፣ ከጎኑ ባዶ ሳጥን። ሳጥኑን የሚሞላው ተመልካቹ ራሱ ነው። የወደቀ ሰው «ኤፍ» ይጻፍበታል፣ ዳኛ ያስወጣው «ኤክስ»። ተጠባባቂ ከገባ የታተመው ስም ይሰረዝና የእሱ ስም ከላይ ይጨመራል። ይህን ሳይሞላ የሚያይ ሰው ካለ ወይ አዲስ ነው ወይ ሳይፈልግ ተጎትቶ የመጣ።

እኔም አዲስ ነበርኩ። በ1976፣ ያ ሙቀቱ ያበደበት ሰመር፣ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የማንቸስተር ሰው ቅዳሜ ማታ የቤል ቪው ሜዳ ወደነበረው ሃይድ ሮድ ስታዲየም ወሰዱኝ። በር ላይ ስንገናኝ «ቲኬት ቆረጥክ?» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ «እስክሪብቶ ይዘሃል?» አሉኝ። አልያዝኩም። ከኮታቸው ኪስ ሁለት አወጡ፤ ለካ አንዱ እንደኔ ላለው የተያዘ ነው። መጀመሪያው ኩርባ ጋ፣ አጥሩ አጠገብ ቆምኩ፤ እሳቸው ትንሽ ራቅ ብለው፣ ምንም ሳይሉኝ። አራቱ ሞተሮች ሲታጠፉ ቀዩ ድንጋያማ አፈር ከጎማቸው እንደ በረዶ ተነሥቶ ፊቴን፣ ፀጉሬን፣ አፌን ሞላው። ዞር ስል እሳቸው ፕሮግራማቸውን የቢራ ብርጭቋቸው ላይ ከድነው በሳቅ ሊሞቱ ነው። አየሩን የሞላው ሽታ፣ ጣፋጭ የመሰለው የሜታኖል ጢስና የሞተሩ የጉሎ ዘይት፣ ዛሬም ድንገት የሆነ ጋራዥ አጠገብ ሳልፍ የመጣብኝ ይመስለኛል። ከሳምንት በኋላ የራሴን እስክሪብቶ ይዤ ተመለስኩ።

የዚያን ዓመት የቤል ቪው ንጉሥ ፒተር ኮሊንስ ነበር፣ ሁሉም «ፒሲ» ነው የሚለው። ሴፕቴምበር ላይ ፖላንድ ሄዶ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰ። በማግስቱ ዓመት ስዊድን፣ ጎተንበርግ ላይ በተሰበረ እግር ተወዳድሮ ሁለተኛ ወጣ፤ የቀደመው ኒውዚላንዳዊው አይቫን ሞገር ነው፣ በጠቅላላው 6 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው፣ ለዚያውም በፊት የቤል ቪው ልጅ የነበረው። ሰዉ ስለዚያች እግር የሚያወራው የሰፈር ዘመድ እንደታመመበት ሆኖ ነበር። ከካርቶኑ ውስጥ በአንዱ ፕሮግራም ላይ አንድ ያልታወቀ ሰው ከኮሊንስ ስም ጎን «ፒሲ!!!» ብሎ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀደው ጽፏል። ይቺ ብቻ አንድ አምስት ፓውንድ ታወጣለች።

ከሁሉ የበለጠችብኝ ግን ከለንደኑ ሃክኒ ጋር የተደረገ የ1978 ግጥሚያ ናት። ሽፋኗ ላይ የብርጭቆ ክብ ምልክት አለ፤ የማንን ዘዴ እንዳስታወሰኝ ገብቷችኋል። የመሃል ገጹ ላይ ከ1 እስከ 4 ያሉት ውድድሮች ጥርት ባለ የአዋቂ እጅ ተሞልተዋል። ከ5 ጀምሮ ፊደሉ ይተልቃል፣ ከሳጥኑ ይወጣል፣ አንዷ 3 ቁጥር ተገልብጣ ተጽፋለች፤ ልጅ ነው። ከጎኗ አዋቂው ቀስ ብሎ ትክክለኛዋን 3 ጽፎለታል፣ የልጁን ግን አልሰረዛትም። 8 ላይ ልጁ ራሱ «ኤክስ» አድርጎ ዳኛውን የሚሳደብ የመሰለ ነገር ሞነጫጭሯል። 11 ላይ ቀለሙ በውሃ ተበታትኗል። 12 እና 13 ባዶ ናቸው። ዝናብ አቋርጦት ይሁን፣ ልጁ እንቅልፍ ጥሎት ይሁን፣ የመጨረሻው አውቶቡስ ይሁን፣ እንጃ። ገጹን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ መታ መታ ሳደርገው ከማጠፊያው ውስጥ ቀይ አፈር ረገፈ። ጥቂት ፍንጣሪ ናት። የሃይድ ሮድ አፈር።

አሁን ጉዳዬ ይኸው፦ በዚህ ገበያ እንዲህ ዓይነቷ ርካሽ ናት። ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት እስክሪብቶ ያልነካውን ነው፣ ሻጮችም «ያልተሞላ» ብለው በትልቁ ይጽፉና ዋጋውን ይሰቅሉታል። እኔ ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። ያልተሞላ ፕሮግራም ምን ይነግራችኋል? ማን ሊወዳደር ታስቦ እንደነበር። ማን እንደተወዳደረ፣ ማን እንደወደቀ፣ ማን እንደተጮኸበት የሚነግራችሁ የተሞላው ነው። ካርቶኑ ውስጥ 9 ንጹሖች ነበሩ፤ ለሚፈልጋቸው ሸጬ ከ40 ፓውንዱ ግማሹን ልመልስ አስቤያለሁ። ሞኝ ካላችሁኝ በሉኝ።

የሌሎቹ ቡድኖች ፕሮግራሞች መጀመሪያ አናደዱኝ እንጂ በኋላ አንጀቴን አርሰውታል። የሃሊፋክሱ ሜዳ ሼይ ኩርባው ተዳፋት ስለነበር እንግዳ ቡድን እዚያ ሲመጣ ፊቱ ይገረጣል። ኤክሰተር አጥሩ የብረት ቆርቆሮ ነበር፣ አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። የክራድሊው ፕሮግራም ላይ ያለው አሜሪካዊ ብሩስ ፔንሆል ደግሞ 1981 ዌምብሊ ላይ የዓለም ሻምፒዮና ዋንጫ ሲያነሣ በዓይኔ ያየሁት ሰው ነው፤ ከ90 ሺህ በላይ ሕዝብ ባለበት ዴንማርካዊውን ኦሌ ኦልሰንን መጨረሻው መስመር ላይ ሲቀድመው አጠገቤ የቆመው የማላውቀው ሰውዬ አንገቴን አንቆ ሳመኝ። ዌምብሊ ከዚያ በኋላ የስፒድዌይ የዓለም ፍጻሜ አላስተናገደችም። የዚያን ቀን ፕሮግራሜን ቤት ስቀይር ጣልኩት፣ ሆድ ይፍጀው።

ሃይድ ሮድ በ1987 ተዘግቶ የመኪና ጨረታ ቦታ ሆነ። የክራድሊ ሜዳ በ1995፣ የኤክሰተር በ2005 ተዘጉ። ማንቸስተር ውስጥ ከድሮው ቦታ ሳይርቅ በ2016 አዲስ ስታዲየም ተከፍቷል፣ ሄጄበታለሁ፣ መቀመጫው ምቹ ነው፣ ሜዳውም ግሩም። ነጥቡን ስልክ ላይ ማየት ይቻላል። ቢሆንም ከፊቴ ተቀምጠው የነበሩ አንዲት ሴትዮ ፕሮግራማቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በእስክሪብቶ ሲሞሉ አይቼ ማታውን ሙሉ ከውድድሩ እኩል እሳቸውን ሳይ አመሸሁ።

ካርቶኑን ልግዛ ወይ ለምትሉ፦ ግዙ፣ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የመሃል ገጹን ፎቶ ጠይቁ፣ ከተጻፈበት ደስ ይበላችሁ፣ ስለ እርጥበትም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ለሻጩ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ፣ ለዕቃው 5። በመጨረሻው መልእክቱ ጋራዡ ውስጥ ሌላ ካርቶን እንዳለው ነግሮኛል። የ1985 የሃሊፋክስ፣ የመጨረሻው ዓመታቸው፣ ከወጣ እባካችሁ አትጫረቱብኝ።