ቲዜድ ዳታቤዝ፦ ዋጋው ነፃ፣ ማደሱ ግን የእናንተ ጣጣ

ለስልክ አስተርጓሚዎች ቀጠሮ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። አስተርጓሚዎቹ አዲስ አበባ፣ ደንበኞቹ ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ፣ ካይሮና ዱባይ። ሥራው ሁሉ የቆመው ቲዜድ ዳታቤዝ በሚባለው የሰዓት ቀጠና መዝገብ ላይ ነው። አንድሮይድ ወይም አይፎን ከያዛችሁ እናንተም ሳታውቁት ትጠቀሙበታላችሁ። በ1980ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አርተር ዴቪድ ኦልሰን ጀመረው፤ በኋላ ፖል ኤገርት ያስተባብረው ጀመር። ክፍያ የለውም።

«ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት» ብሎ ኮድ ውስጥ የጻፈ ሰው በማርች ሁለተኛው እሑድ ጉድ ይፈላበታል፤ ያን ቀን ዋሽንግተን ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለምታዞር ልዩነቱ 7 ይሆናል። ቴል አቪቭ ሰዓቷን የምታዞረው ዘግይታ ነው፣ ከማርች የመጨረሻው እሑድ በፊት ባለው ዓርብ። ዱባይ ጭራሽ አታዞርም። እኔ ግን «ኒው ዮርክ» ብዬ እመዘግባለሁ፣ ዋሽንግተንም የምትሄደው በእሷ ነው፤ የቀረውን መዝገቡ ይጨርሰዋል። የድሮውንም አይረሳም። አሜሪካ ከ2007 በፊት በኤፕሪል መጀመሪያ እሑድ ታዞር እንደነበር ስለሚያውቅ የ2005 ቀጠሮ ብትሰጡት አይሳሳትም።

ችግሩ አዲሱ ቅጂ እናንተ ጋ እስኪደርስ ነው። ግብፅ ትታው የነበረውን ሰዓት ማዞር በ2023 ኤፕሪል መጨረሻ ስትመልሰው መዝገቡ ቀደም ብሎ ታርሞ ነበር። ሰርቨር ያከራየን ድርጅት ግን አላደሰውም። የካይሮ ደንበኞች መስመር ላይ ሆነው ሲጠብቁ አስተርጓሚው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይገባል። አከራያችሁን ስንተኛውን ቅጂ እንደጫነ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

የእኛ አገር ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። አዲስ አበባ ከ1970 ወዲህ ከናይሮቢ ስላልተለየች የናይሮቢ ተቀጥላ ተደርጋለች። የራሷ ታሪክ ያለው «ባክዞን» በሚባል የጓዳ ፋይል ውስጥ ነው። እዚያ እስከ ሜይ 5 ቀን 1936 ድረስ ከግሪንዊች 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ እንቀድም ነበር ይላል። ቀኗን ልብ በሉ፤ ሚያዝያ 27፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባባት ናት።

ኤገርት በ2014 ያስገባት ማስታወሻም አለች፦ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሰዓት የሚቆጥሩት ከንጋት ጀምረው ስለሆነ በአማርኛ ሰዓት የምትጠይቁ ይህን አትርሱ ትላለች። ለሰው የተጻፈች ናት፣ ኮምፒውተሩ አያያትም፤ በእኔ እምነት ልክ ናት። ስድስቱን ሰዓት መቀነስ የማሳያው ሥራ ነው፣ ቀጠናው መነካት የለበትም። በሐበሻ ሰዓት እንዲያሳየው ብሎ የላፕቶፑን ቀጠና ቦነስ አይረስ ያደረገ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ሰዓቱ ልክ ነው። ቀኑ ግን ጠዋት 12 ሰዓት ካልሞላ አይቀየርለትም፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ያወጣው ሪፖርት ሁሉ የትናንት ቀን ይዞ ይወጣል።