በእጅ በተሠራ ጊታር ራስ ላይ የሚቀረጽ ጌጥ፦ የትኛው ለየትኛው ገዢ ይስማማል?

በእጅ የተሠራ ጊታር ለማዘዝ የተነሣ ሰው ስለ ድምፅ ሳጥኑ እንጨትና ስለ አንገቱ ውፍረት አጥብቆ ይጠይቃል፤ ወደ ጊታሩ ራስ ሲደርስ ግን ብዙውን ጊዜ ደስ ያለውን ሥዕል መርጦ ያልፋል። ራሱ ግን መቃኛዎቹ የሚተከሉበትና ክሮቹ ተወጥረው የሚታሰሩበት ክፍል ነው። ቀጠን ያለ የብረት ክር የተገጠመለት አኩስቲክ ጊታር ላይ የስድስቱ ክሮች ውጥረት ሲደመር ከ70 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ በናይለን ክር በሚሠራው ክላሲካል ጊታር ላይም ወደ 40 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውን የቅርጽ ዓይነቶች የምመዝናቸው በውበታቸው ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ቦታ ምን ያህል እንጨት እንደሚያነሡም በማየት ነው።

የጊታር ደካማ ቦታ ከክር ማረፊያው በስተጀርባ፣ አንገቱ አልቆ ራሱ የሚጀምርበት ነው። ራሱ ወደ ኋላ ባዘነበለ ጊታር ላይ (የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ጊብሰን በብዙ ሞዴሎቹ የሚታወቅበት ዘንበል 17 ዲግሪ ነው) አንገቱና ራሱ ከአንድ ወጥ እንጨት ከተቆረጡ ቃጫው የራሱን አቅጣጫ ተከትሎ አይታጠፍም፤ መታጠፊያው ላይ ተቆርጦ ያጥራል፤ አጭር ቃጫ ደግሞ ጊታሩ ሲወድቅ በቀላሉ ይሰነጠቃል። በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው፣ አንገቱን በክሮቹ ውጥረት እንዳይጎብጥ የሚይዘው ብረት ማስተካከያ ጉድጓድም እዚያው ከተከፈተ የሚቀረው እንጨት ይበልጥ ይሳሳል። ጊብሰን በ1970 ገደማ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በመታጠፊያው ጀርባ ወፈር ያለ ጉብታ መተው የጀመረው ይህን ቦታ ለማጠንከር ነበር። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ጊዜ የገዛሁት ጊታር ከራሱ ተነሥቶ እስከ አንገቱ ጀርባ የሚወርድ፣ በጥልቀት የተቀረጸ የሐረግ ጌጥ ነበረው። ከወንበር ላይ ተንሸራትቶ ሲወድቅ ስንጥቁ የሄደው የሐረጉን ግንድ ተከትሎ ነበር፤ የቀራጩ መሮ የጀመረውን ቦይ ውድቀቱ ጨረሰው።

እንግዲህ ከዓይነቶቹ ሁሉ ለጊታሩ አካል የሚራራው በመሮ ጫፍ የሚሠራው የመስመር ቅርጽ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ሹል ቦይ እንጂ ሌላ እንጨት አይነሣም፤ የብዙ ጊታሮች ራስ ደግሞ ከ14 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ጉዳቱ ከቁጥር አይገባም። ጉድለቱ ከሩቅ አለመታየቱ ነው፤ መድረክ ላይ ለሚጫወት ሰው ይህ ጌጥ የሚታየው ለባለቤቱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በዙሪያው ያለው እንጨት ዝቅ ተደርጎ ቅጠሉ ወይም ወፉ ጎልቶ የሚቀርበት ዝቅተኛ ጉብ ቅርጽ ግን ብርሃንና ጥላ ይፈጥራል፣ ከጥቂት ሜትር ርቀትም ይነበባል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ለሚጫወት ሰው ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ዝቅ የተደረገው ወለል መቃኛዎቹ የሚያርፉበትን ቦታ መንካት የለበትም። የመቃኛው ቀለበት ጠፍጣፋና እኩል መሬት ይፈልጋል፤ ጎርባጣ ላይ ከተቀመጠ ይላላል፣ የላላ መቃኛ ያለው ጊታር ደግሞ ቅኝቱን አይጠብቅም።

ከፍ ብሎ የሚወጣው ቅርጽ፣ ማለትም የእንስሳ ወይም የሰው ራስ ሆኖ የሚጨርሰው፣ ረጅም ታሪክ አለው። በ17ኛው መቶ ዘመን በቲሮል የኖረው ያኮብ ሽታይነር አንዳንድ ቫዮሊኖቹን በጥቅልል ፈንታ በአንበሳ ራስ ይጨርስ ነበር። ቫዮሊን ላይ ግን መቃኛ እንጨቶቹ የሚገቡት ከራሱ በታች ባለው ሳጥን ስለሆነ ጫፉ ለቀራጩ ነጻ ነው። ጊታር ላይ ያ ነጻ ቦታ ከመቃኛዎቹ በላይ ያለው ጫፍ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ወፍራም እንጨት ከተተወ ክብደቱ ከአንገቱ ሩቅ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ጊታሩ በማንገቻ ሲንጠለጠልም ራሱ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ በተለይ ቀላል ገላ ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ሲሆን የግራ እጅ አንገቱን በመደገፍ ይደክማል። በዚያ ላይ ረዘም ያለ ጫፍ በተለመደው ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ገብቶም ክዳኑን ከነካ፣ ሳጥኑ በተመታ ቁጥር ምቱ በቀጥታ ወደዚያ ደካማ መታጠፊያ ይሄዳል። ተፈልፍሎ ብርሃን የሚያሳልፈው ቅርጽ የክብደት ችግር የለበትም፤ ነገር ግን በቀዳዳዎቹ መካከል የሚቀሩት ቀጫጭን ድልድዮች ከቃጫው ጋር ሳይሆን ቃጫውን አቋርጠው ከሄዱ በጣት ግፊት ሊሰበሩ ይችላሉ። እነዚህን ሁለቱን ግድግዳ ላይ ለሚያኖር ሰብሳቢ እንጂ በየሳምንቱ ከቤት ይዞ ለሚወጣ ሙዚቀኛ አልመክራቸውም።

ክላሲካል ጊታር ለብቻው የሚታይ ነው። ራሱ ላይ ክሮቹ የሚጠመጠሙባቸው ሁለት ረጃጅም ክፍት ቦታዎች ስላሉ ለቀራጩ የሚተርፈው በመካከላቸው ያለው ጠባብ እንጨትና የላይኛው ጠርዝ ነው። ጠርዙ ግን ትንሽ ቢሆንም የሠሪው ፊርማ ነው። ከ1817 እስከ 1892 የኖረው ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ በሦስት ቅስት ይታወቃል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሠሪዎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መስመር ይዘዋል። ስለዚህ ከአንድ ሠሪ ክላሲካል ጊታር የሚያዝ ሰው ጠርዙን በራሱ ሥዕል እንዲቀይርለት ከመጠየቁ በፊት ቢያስብ ጥሩ ነው፤ የሠሪውን ፊርማ ማስፋቅ ነውና። ከጀርባ በኩል ደግሞ ሌላው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ ኩባንያ ማርቲን በአንዳንድ ጊታሮቹ ላይ የሚተወውን የአልማዝ ቅርጽ ያለው ጉብታ ልብ ይሏል፤ አመጣጡ ራሱና አንገቱ ለየብቻ ተሠርተው ከተገጣጠሙበት ዘመን መጋጠሚያ ነው። እንጨት ሳያነሣ፣ ይልቁንም በመታጠፊያው ላይ እንጨት ጨምሮ የሚያስጌጥ ቅርጽ ይህ ነው፤ ከጀርባ ጌጥ የሚፈልግ ሰው ከማንኛውም ሐረግ ይህን ያስቀድም።

ቦርቡሮ ዛጎል ማስገባት በጥብቅ አነጋገር ቅርጽ ባይሆንም ገዢዎች ከቅርጽ ጋር ያማርጡታልና ሳልጠቅሰው አላልፍም። ዛጎሉ የሚገባው በራሱ ፊት ላይ በተለጠፈው ቀጭን የጠንካራ እንጨት ሽፋን ውስጥ ስለሆነ ዋናውን እንጨት ብዙም አይነካም፤ ፊቱ ለስላሳ ነው፣ አቧራ አይዝም።

ማን ወይም ምን እንደቀረጸው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ ገዢን ያታልላል። በእጅ ተቀረጸ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ሥራ ከኮምፒውተር መቅረጫ ማሽን የወጣ ሊሆን ይችላልና መለየት መቻል ይጠቅማል። መብራቱን ወይም የስልኩን ብርሃን ከራሱ ፊት ጋር እኩል አስተኝቶ ማየት በቂ ነው። የመሮ ሥራ ላይ እያንዳንዱ ምት ትንሽ ጠፍጣፋ ገጽ ትቶ ያልፋል፤ ሁለት መስመሮች የሚገናኙበት የውስጥ ጥግ እስከ ጫፉ ሹል ነው፤ የግራው ቅጠል ከቀኙ ጋር ፍጹም አይመሳሰልም። ማሽኑ ግን የሚቆርጠው በሚሽከረከር ክብ ጥርስ ስለሆነ የውስጥ ጥጎቹ ክብ ሆነው ይቀራሉ፣ ዝቅ ባለው ወለል ላይም እንደ ታረሰ መሬት ትይዩ ስስ መስመሮች ይታያሉ፤ በብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቁ በስተቀር። ሲፋቁ ደግሞ የቅጠሉ ጠርዝ አብሮ ይደነዝዛል፤ የተላሰ ሳሙና ይመስላል። ሌዘር እንጨቱን አቃጥሎ ስለሚያነሣ የመስመሩ ዳር ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆናል፤ እንደ ሜፕል ባለ ነጣ ያለ እንጨት ላይ ይህ ደምቆ ይታያል፣ በጥቁሩ ኢቦኒ ላይ ግን ከነጭራሹ አይለይም። ማሽን ሠራው ማለት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ማሽን ሸካራውን አንሥቶ ቀራጩ በመሮ የጨረሰው ሥራ በጣም ያማረ ሊሆን ይችላል። ስሕተቱ ለማሽን ሥራ የእጅ ዋጋ መክፈል ነው።

የእንጨቱ ነገር ምርጫውን ይወስናል። ስፓኒሽ ሲዳርና ማሆጋኒ ለመሮ ይታዘዛሉ፤ ነገር ግን ለስላሳ ስለሆኑ ስስ መስመር ቶሎ ይጎዳባቸዋል፣ ቅኝት ለመለካት ራሱ ላይ የምትቆነጠጠው ትንሿ መሣሪያም በጊዜ ብዛት ጉብታውን ትፈጫለች። ኢቦኒና ሮዝውድ ቀራጩን ያደክማሉ እንጂ መስመሩን ለዘመናት ይጠብቃሉ። ሮዝውድ ላይ የተቀረጸ ጊታር ይዞ ድንበር የሚሻገር ሰው ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው። ሌሎቹ የሮዝውድ ዝርያዎች በ2017 ወደ ቁጥጥሩ ገብተው ነበር፤ በ2019 መጨረሻ ግን ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነጻ ተደርገዋል። የብራዚሉ አልተነካም።

የማጠናቀቂያ ቅቡ ወፍራም ከሆነ ቦዮቹን ሞልቶ የቀራጩን ድካም ያጠፋዋል። ዘይት ወይም ስስ የሼላክ (ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ) ቅብ መስመሩን ሹል አድርጎ ያቆየዋል፤ ሼላክ ላብና አልኮል አይወድም እንጂ ራሱ በእጅ ብዙ ስለማይነካ እዚያ ላይ ያስኬዳል። ጥልቅ ቅርጽ አቧራ ይሰበስባልና በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል፤ በጨርቅ የሚፈትግ ሰው ግን ጉብታዎቹን ያብለጨልጫል፣ ጉድጓዶቹን ያቆሽሻል።

ለማዘዝ የወሰነ ገዢ ሠሪውን የፊት ለፊት ሥዕል ብቻ ሳይሆን ራሱ በጎን ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳይ ሥዕልም ይጠይቀው፤ የቅርጹ ጥልቀት፣ የመቃኛዎቹ ቀዳዳ፣ የብረቱ ማስተካከያ ጉድጓድና የመታጠፊያው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፈው። ራሱ ከአንገቱ ጋር በሰያፍ ተቆርጦ በኮላ የተጣበቀ መሆኑንም ይጠይቅ፤ እንዲህ ያለው መጋጠሚያ ቃጫውን ከራሱ ርዝመት ጋር ስለሚያስኬደው ትንሽ ጠለቅ ያለ ቅርጽ ይችላል። ከአንድ ወጥ እንጨት ከሆነ ቅርጹ ከክር ማረፊያው ቢያንስ ሁለት ጣት ርቆ ይጀምር።