ባለ አይጂቢቲው 20 ኬቪኤ ዩፒኤስ፣ ከ8 ወር በኋላ

ለማተሚያ ቤታችን የገዛነው ነው፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያስቀጥለን። ሰው ዩፒኤስ ሊገዛ ሲሄድ የሚጠይቀው "ባትሪው ስንት ደቂቃ ይይዛል" ብቻ ነው፣ እኔም እንደዛው ነበርኩ፣ አሁን ግን መጀመሪያ የማየው ሬክቲፋየሩን ነው፣ የመስመሩን ኤሲ ወደ ዲሲ የሚቀይረውን ክፍል።

የድሮው ዩፒኤሳችን ሬክቲፋየር ታይሪስተር (የቆየ ዓይነት፣ ዝግ ያለ የኤሌክትሮኒክስ ስዊች) ነበር፣ ባለ 6 ፐልሱ። እሱ የሚስበው ከረንት ሳይን ዌቭ ሳይሆን ጉብ ጉብ ያለ ነገር ነው፣ 5ኛና 7ኛ ሃርሞኒክስ (የመስመሩ ፍሪኩዌንሲ 5 እና 7 እጥፍ የሆኑ ሞገዶች) የሞላበት፣ በኛ 50 ኸርዝ 250 እና 350 ኸርዝ መሆኑ ነው። ስለካው ዲስቶርሽኑ (ከሳይን ዌቭ የተዛባበት መጠን) 31 ፐርሰንት! መብራት ሲሄድ 30 ኬቪኤው ጀነሬተራችን ይነሳል፣ ዩፒኤሱ ቮልቴጁን ያበላሽበታል፣ ከዛ ራሱ ያበላሸውን ቮልቴጅ አልቀበልም ብሎ ወደ ባትሪ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይመለሳል... ባትሪ የጨረሰብን ይሄ ነው። ጀነሬተሩን እጥፍ አድርጉት የሚሉትም ለዚህ ነው።

አዲሱ ላይ አይጂቢቲዎቹ (ፈጣን የትራንዚስተር ስዊቾች ናቸው) በሰከንድ ብዙ ሺ ጊዜ እየበሩ እየጠፉ ከረንቱን ሳይን ዌቭ ያስመስሉታል። ሞጁሌሽኑ (ስዊቾቹ መቼ እንደሚበሩና እንደሚጠፉ የሚወስነው ስሌት) ስፔስ ቬክተር የሚባለው ነው ይላል ማኑዋሉ፣ የሻጭ ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ በተራው ስሌት በሳይን ፒደብልዩኤም ቢሆን ለ380 ቮልት መስመር የሬክቲፋየሩ ዲሲ ቢያንስ 620 ቮልት መሆን ነበረበት፣ በዚህ ግን 540 ገደማ ይበቃል። ሌሊት ሰው ሲተኛ ቮልቴጁ ሽቅብ ሲወጣ ታዲያ ያቺ የ15 ፐርሰንት ልዩነት ናት የምታድነው።

ፊልተሩ ኤልሲኤል ነው፣ ሁለት ኢንዳክተር መሃላቸው ካፓሲተር። የስዊቺንጉን ርዝራዥ በትንሽ ብረትና መዳብ ያጠፋዋል፣ ግን የራሱ ሬዞናንስ (ሞገዱ እየጎላ የሚወዛወዝበት ፍሪኩዌንሲ) ስላለው ካላፈኑት ጉድ ነው። እዚህ ከካፓሲተሩ ጋር ሬዚስተር ገብቷል፣ ይሞቃል፣ ይሙቅ! ከመብራት ወደ ጀነሬተር ስንዞር የመስመሩ ኢንዳክታንስ ተቀይሮ ሬዞናንሱም ስለሚንሸራተት በሶፍትዌር ብቻ ከሚታፈነው ይሄኛውን አምነዋለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ብሮሹሩ ዲስቶርሽኑ ከ3 ፐርሰንት በታች ነው ይላል፣ በሙሉ ጭነት እውነት ነው፣ ማታ ሰርቨሯ ብቻ ስትቀር ግን 11 ለካሁ። እሱስ ከረንቱ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ማንንም አይጎዳም፣ የሚያናድደው የፊልተሩ ካፓሲተር ነው፣ ሬክቲፋየሩ ገና ሳይነሳ መስመሩ ላይ ስላለ ባዶ ጀነሬተር ሲያገኝ ቮልቴጁን ሽቅብ ይገፋዋል፣ ሁለቴ ብሬከር አስወድቆብናል። አሁን ጥበቃውን "ጋሼ መጀመሪያ ኮምፕረሰሩን ያስነሱልን" ብለናቸዋል፣ ሞተር ስለሆነ የካፓሲተሩን ግፊት ያጣፋዋል። ለካ ጭነት ሲያንስ ካፓሲተሩን በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ስዊች) የሚቆርጥ ሞዴልም ነበር፣ ሻጩ የነገረን ከከፈልን በኋላ ነው። ጨምሬ እገዛው ነበር። ከ5 4 ሰጥቼዋለሁ።