ለአሮጌ ፒክአፕ ካታላይዘር፦ ያገለገለ ኦሪጅናል ወይስ አዲስ ኮፒ?

«ካታላይዘሩ ሞቷል ተባልኩ፤ የቱን ልግዛ?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም፤ ካታላይዘር ማለት በጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ሆኖ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ የሚያጸዳው ዕቃ ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ በደንብ የተፈተሸ ያገለገለ ኦሪጅናል። ምክንያቱን እዚህ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ግን መኪናው ስር ግቡ። ከድሮዎቹ የናፍጣ ፒክአፖች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡም ካታላይዘር የላቸውም። የሌለ ዕቃ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚያስገዛ ሰው አለ። የቤንዚንና የናፍጣ ደግሞ አይለዋወጥም። ሻጩ «ይገጥማል» ቢላችሁ፣ መግጠም ሌላ መሥራት ሌላ ነው።

ወደ ብሩ እንምጣ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። መለዋወጫውም ተከትሎት ተሰቀለ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ውሸት ይሆናል፤ በንጽጽር ብነግራችሁ ይሻላል። እኔ በጠየቅኩባቸው ሱቆች ኮፒው 1 ከሆነ፣ ያገለገለው ኦሪጅናል ከ2 እስከ 3፣ አዲሱ ኦሪጅናል ከ8 በላይ ነው። አዲሱን ለመግዛት አቅሙ ያለው ይግዛ፤ ክርክር የለኝም። ለአሮጌ ፒክአፕ ግን ያን ያህል ማውጣት አይዋጥልኝም።

ኮፒው 1 ብቻ መስሏችሁ ግን እንዳትሸወዱ። ብዙው ሁለት ጫፉ የብሎን ማሰሪያ የሌለው ቱቦ ነው። በያጅ ይቆርጣል፣ ይበይዳል። ጭሱን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር መግቢያ ከሌለው እሱም በብየዳ ይሠራል። ጋስኬት ጨምሩ። የዛገው ብሎን ሲፈታ ይሰበራል፣ ለሱም ክፈሉ። ተደምሮ 2 ሲጠጋ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ የቼክ ኢንጂን መብራት ይበራል፤ ስካነሩም ያንኑ ፒ0420፣ «ካታላይዘሩ በደንብ አያጸዳም» የሚለውን ኮድ ያወጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጭሱን የሚያጸዱት በውስጡ ባለው ሴራሚክ ላይ የተቀቡት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ናቸው። ውድ ናቸው፤ ርካሹ ኮፒ ላይ የሚቀባው በጣም ትንሽ ነው። አንዳንድ መካኒክ ከካታላይዘሩ በኋላ ያለውን ሴንሰር በስፔሰር፣ ማለትም በማራዘሚያ ቁራጭ፣ ከጭሱ ራቅ አድርጎ መብራቱን ያጠፋላችኋል። የጠፋው መብራቱ ነው፤ ጭሱ ያው ነው።

አንድ ወዳጄ ከፎገራ ሩዝ ያመላልሳል። ያስገጠመው ኮፒ ክረምቱን አልጨረሰም። ሴራሚኩን የሚይዘው ንጣፍ ስስ ነበር፤ የጋለው ዕቃ ወረታ አካባቢ ውኃ ውስጥ ሲገባ ተሰነጠቀ። ሞተሩ ሲነሳ ከስር እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። ስብርባሪው ወደ ማርሚታው ሄዶ ጭሱን ዘጋው፤ መኪናው ዳገት እንቢ አለ። ማርሚታውም አብሮ ተቀየረ። ሂሳቡን እናንተ ሥሩት።

«አውጥተህ ባዶ ቱቦ አስበይድ» የሚሉም አሉ። ርካሽነቱን አልክድም። ግን መብራቱ ሁሌ እንደበራ ስለሚቀር ቀጣዩን ብልሽት አታውቁም፤ ሽታውንና ካርቦን ሞኖክሳይዱን ደግሞ እናንተም ጎረቤትም ትስቡታላችሁ።

ያገለገለ ኦሪጅናል ግን ዓይን ይፈልጋል። ትልቁ ማጭበርበር ባዶ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ለብረቱ ሲባል ተወስዶ ቆርቆሮው ይዘጋና ይሸጣል። የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ ከላይ በኩል ነው፤ ሲገጠም አይታይማ። ጥፍራችሁን በመጋጠሚያው ላይ አሂዱት። የፋብሪካ ብየዳ እኩልና ቀጥ ያለ ነው፤ የሰፈር ብየዳ እብጥ እብጥ ይላል፣ ቀለም ተቀብቶም ይዳሰሳል። ከዚያ አነቃንቁት፤ ድምፅ ካለው መልሱት። በአንድ በኩል የስልክ መብራት አብርታችሁ በሌላው እዩ። ቀዳዳዎቹ ጥቃቅንና እኩል፣ ደረቅ መሆን አለባቸው። የቀለጠ የሚያብረቀርቅ ቦታ ወይም ዘይት የጠጣ ጥቀርሻ ካለ ተዉት። ቆርቆሮው ላይ የተመታው ቁጥርም ከመኪናችሁ ጋር ይመሳከር።

ባሕር ዳር ላይ ምርጫው ጠባብ ነው። አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ሰው ካላችሁ ይላክላችሁ፤ መንገዱ 565 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ መልሶ መላክ ራሱ ወጪ ነው። ስለዚህ ብር ከማስገባታችሁ በፊት በመብራት የታየ ቪዲዮ ጠይቁ። «ወንድሜ፣ እመነኝ፣ የታይላንድ ነው» የሚለውን ሰምታችሁ እለፉት፤ ቪዲዮውን ግን አትለፉት። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ሰው አሮጌውን ይዞ ስለተቀመጠ፣ ጥሩ ዕቃ ሲገኝ ቶሎ ይወሰዳል።

አንድ ነገር አትዝለሉ። የድሮው ለምን ሞተ? ካንዴላ ወይም ኮይል ደክሞ ሞተሩ የሚዘል ከሆነ፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታላይዘሩ ውስጥ ገብቶ ይነድዳል፣ ሴራሚኩንም ያቀልጠዋል። የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ዘይት የሚበላ ሞተርም ቀስ እያለ ይገድለዋል። ይህ ሳይስተካከል የሚገባው ኦሪጅናልም ይሁን ኮፒ ብር ማቃጠል ነው። ይህን ሳታስጨርሱ ሱቅ አትሂዱ።

በመጨረሻ፣ አሮጌውን ጋራዥ ጥላችሁ እንዳትወጡ። «ይሄ ላንተ ምን ይሠራልሃል?» ሲባል ፈገግ በሉ። ኦሪጅናል ከሆነ ውስጡ ያለው ፕላቲነም የሚፈልገው ገዢ አለው። ወይ ከእጅ ዋጋው ላይ ያስቀንሱላችሁ፣ ወይ በጆንያ አስራችሁ ወደ ቤት ውሰዱት።