አሮጌ ፒክአፕ ያላችሁ ይሄን አንብቡልኝ፤ ለአዳማው መካኒክ ምስጋና

ዛሬ ጠዋት ከመቂ ሽንኩርት ጭኜ አዳማ ገባሁ። መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ስፖኪዮ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ጭስ የለም። ተመስገን!

ሀይሉክሷ የአባቴ ናት። ነጠላ ጋቢና፣ ሊብሬዋ ላይ በፈረንጅ 1998 የሚል፣ ሞተሯ 2,779 ሲሲ። መካኒኮቹ ስሪ ኤል ይሉታል። አባቴ ሲያርፍ ንግዱንም መሪውንም እኔ ተረከብኩ። ቤታችን የሚኖረው በሷ ነው።

አምና ዘይት መጠጣት ጀመረች። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ሊትር፣ ኋላ ላይ በአንድ ደርሶ መልስ አንድ ሊትር። ሰማያዊው ጭስ ከኋላዬ ያለውን ሹፌር ሁሉ ያስረግመኛል። ትንሽ ዳገት ሲመጣ ጭነቱ ቀርቶ ራሷንም አትችልም።

የጋራዥ ስቃዬ ከዚያ ይጀምራል። ስም አልጠራም፤ እግዜር ይፍረዳቸው። የመጀመሪያው ኮፈኑን በቅጡ ሳይከፍት «ይሄ አልቆለታል፣ ሙሉ ሞተር ግዢ» አለኝ። ሻጩንም እሱ ያውቃል! ሁለተኛው ሞተሩን አወረደና ሁለት ወር አስቀመጠብኝ። ፋሻውን፣ ማለት የፒስተኖቹን ቀለበቶች፣ ቀይሮ አስረከበኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጭሱ ተመለሰ። ስወስድለት «የአነዳድሽ ችግር ነው» ተባልኩ። ቤት ገብቼ ሳይ ክሪኩ የለም፤ ባትሪውም የኔ አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ ነዳጅ የሚገፋው ፖምፓ ካልተቀየረ ብሎ ድርቅ አለ። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ የገዛችሁ ታውቁታላችሁ። ዋጋውን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ የደስታ ሳቅ አልነበረም።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሁሌ አብሮኝ ይሄዳል። 17 ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድም የለው። እኔ እጠይቃለሁ፣ መልሱ ለእሱ ይነገራል። ብሩን ከእኔ እጅ ለመቀበል ግን አንዳቸውም አልተቸገሩም።

ወደዚህ ወደማመሰግነው መካኒክ፣ ወደ ጋሼ፣ የመራኝ አንድ የሽንኩርት ደላላ ነው። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የቆርቆሮ ግቢ ናት፤ በሯ ላይ ጽሁፍ እንኳን የለም። ጋሼ ሞተሩን አስነስቶ የዘይቱን ክዳን ከፈተና መዳፉን ጫነበት። ዝም ብሎ ቆየ። ምን እንዳዳመጠ እኔ አላውቅም። ከዚያ ወንድሜን ቀና ብሎ አየው። «አንተ ጎረምሳ፣ ሂድና ሦስት ሻይ ይዘህ ና። የእኔ ያለ ስኳር።» ወደ እኔ ዞረና «በይ ልጄ፣ መቼ ነው የጀመራት? ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለኝ።

እመኑኝ፣ እንባዬ መጣ። ስለ ዘይት ተጠይቆ የሚያለቅስ ሰው እኔን አየ።

በሦስተኛው ቀን ደወለ። «ሳታዪው አልገጥመውም፣ ነይ።» ሄድኩ። ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ተነስቷል፤ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው አራት ጥቋቁር ጉድጓዶች አፋቸውን ከፍተዋል። «ጥፍርሽን ከውስጥ ወደ ላይ አስኪጂው» አለኝ። አስኬድኩት። አፉ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ጥፍሬ ቀጭን ደረጃ ላይ ቆመ።

«ያዘሽ?»

«ያዘኝ።»

«በቃ እሱ ነው። ፋሻው የሚመላለስበት ተበልቷል፤ ከላይ የማይደርስበት ቀርቷል። በተበላ ቤት ውስጥ አዲስ ፋሻ ቢገባ ምን ይሠራል?»

ስንት ወር ስንከራከርበት የከረምነው ነገር በጥፍሬ ገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቁኝ። የተበላ ሞተር በማሽን የሚስተካከልበት ሬቲፊካ ቤት ሄደ፣ ጉድጓዶቹ ሰፋ ተደረጉ፣ በልኩ ፒስተን ተገዛ ሲባል ነው የሰማሁት። «ፖምፓውስ?» ስለው «ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ አስተኝቼ አላክምም» ብሎ ሳቀ። የዕቃውን ደረሰኝ አንድ በአንድ ቆጥሮ ሰጠኝ። የድሮዎቹን ፒስተኖች ደግሞ በካርቶን አድርጎ «የአባትሽ ናቸው፣ ውሰጃቸው» አለኝ። እናቴ አንዱን የበር ማስደገፊያ አድርጋዋለች።

«1,000 ኪሎ ሜትር እስክትሞላ ሮዳጅ ላይ ነሽ፤ አዲሱ ዕቃ ይላመድ። ግማሽ ጭነት፣ ቀስ እያልሽ። ከዚያ ዘይቱን ቀይሪ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ለቃሉ ስል ኤሊ ሆንኩ። የከባድ መኪና ሹፌሮች ጥሩምባቸውን አንባረቁብኝ፣ ቻልኩት። ይኸው አራት ወሯ፤ ለማሟያ ብዬ አንድ ሊትር ዘይት አልገዛሁም።

ወገኖቼ፣ በተለይ እህቶቼ፣ ሙሉ ሞተር ግዙ ከተባላችሁ መጀመሪያ ለዚህ ሰው አሳዩ። ደግሜ እላለሁ፣ አሳዩ! እጁ ይባረክ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ «ስልክ ሲጮህ መፍቻ ከእጄ ይወድቃል» ብሎ ለምኖኛል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አቅጣጫውን እነግራችኋለሁ። ተራ ግን ይጠበቃል፤ አንዳንዴ ሳምንትም ሊሆን ይችላል። ስትሄዱ ሻይ ያዙለት። ያለ ስኳር።