ኮብ፣ ሳሶ ወይስ ሐበሻ? ለስጋ የትኛውን ዶሮ እንግዛ?

ሰፈር ውስጥ ነጩም ቀዩም፣ እንቁላል ጣዩም የስጋውም በአንድ ስም «የፈረንጅ ዶሮ» ይባላል። ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ጎረቤቴ ለስጋ ብሎ ቢጫ ጫጩቶች ገዝቶ ሦስት ወር ሙሉ ቀለበ። ሲያርዳቸው ከአጥንት በቀር ይህ ነው የሚባል ስጋ አልነበራቸውም። የገዛው የእንቁላል ጣይ ዝርያ ወንዶችን ነበር።

ግቢያችሁ ውስጥ 20 ወይም 30 ዶሮ ለስጋ ማርባት ካሰባችሁ ከፊታችሁ ያለው ምርጫ ሦስት ነው። አንዱ የአንድ ቀን የስጋ ጫጩት ነው፤ እኛ ጋ በብዛት የሚታወቀው ኮብ 500 ነው። ሁለተኛው 45 ቀን የሞላው ሳሶ ነው፤ ሳሶ ለስጋም ለእንቁላልም የሚሆን ዝርያ ነው። ሦስተኛው የሐበሻ ዶሮ።

መጀመሪያ ስለ ጊዜ እናውራ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው ኮብን የሚመርጠው ቶሎ ይደርሳል ብሎ ነው። እውነት ነው፣ በደንብ የተያዘ ኮብ በ42 ቀን 2 ኪሎ ያልፋል። ከፋሲካ 42 ቀን ወደ ኋላ ብትቆጥሩ ምኩራብ እሑድ ላይ ትደርሳላችሁ። በዚያው ሰሞን 45 ቀን የሞላው ሳሶ ብትገዙስ? ፋሲካ ሲደርስ 12 ሳምንት አልፎታል፣ ወንዱም 2 ኪሎ ይጠጋል። ማለትም እናንተ ጋ የሚቆዩበት ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሳሶ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዝርያ ቢሆንም የመጀመሪያውን ወር ተኩል ሌላ ሰው ጨርሶላችኋል። ለሳሶው የምትከፍሉት ከፍ ያለ ዋጋም የዚያ ጊዜ መኖ፣ ክትባትና ማሞቂያ ነው።

እኔ ያንን ዋጋ በደስታ ነው የምከፍለው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያ ዙሬ 40 የኮብ ጫጩት ነበር። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ሰጋቱራ አንጥፌ፣ አምፖል አንጠልጥዬ፣ ሁሉን አሟልቻለሁ ብዬ ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን ሌሊት 9 ሰዓት አካባቢ መብራት ሄደ። ንጋት ላይ በሩን ስከፍት ጫጩቶቹ በሙሉ አንድ ጥግ ላይ ተከምረዋል። ከላይ ያሉት ይንጫጫሉ። በእጄ አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ ታች ስወርድ ከሥር ያሉት ጠፍጣፋ ሆነው፣ ላባቸው ረጥቦ፣ ቀዝቅዘው አገኘኋቸው። 11 ነበሩ። የገደላቸው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ሙቀት ፍለጋ ተደራርበው ተፋፍነዋል።

ከዚያ ወዲህ ጥግ የሚባል ነገር አልተውም። በካርቶን ክብ አጥር እሠራለሁ፤ ክብ ውስጥ የሚከመሩበት ማዕዘን የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቱ ያለበት ቦታ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ ትቀንሳላችሁ። ቴርሞሜትሩን ብቻ አትመኑ፣ ጫጩቶቹንም እዩ። ተሰብስበው ከተጣበቁ በርዷቸዋል። ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። እንደተዘራ እህል ተበታትነው ከተኙ ልክ ነው። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ሄይ ቦክስ የሚባለውን ዙሪያውን ሣር የተጠቀጠቀበት ሳጥን አሠሩ፤ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ያቆያል። ከሰል ግን አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አታድርጉ። ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል።

ኮብ ላይ ደገኞች ልታውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የዚህ ዶሮ ስጋ በጣም ይፈጥናል፤ ልቡና ሳንባው ግን እኩል አይራመዱም። ብዙው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ስስ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ልቡ ሲደክም ሆዱ ውኃ ይቋጥራል፣ ኩክኒው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፣ ትንሽ ተራምዶ ያለከልካል። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ደግሞ ሊታረድ ሲል፣ መኖውን በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። እኔ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ሌሊት ላይ መኖውን አነሳለሁ፤ እድገቱ ትንሽ ዘግየት ሲል ሞቱ ይቀንሳል። ሙቀት እንዳይወጣ ብላችሁ መስኮቱን በሙሉ አትድፈኑት፤ የኩሱ ጠረን ዓይናችሁን ካቃጠለ ለእነሱም ከባድ ነው። ሳሶ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ በዚህ ብዙም አይቸገርም።

መኖ ላይ ልዩነቱ ከሚታሰበው ያንሳል። አንድ ኮብ እስኪታረድ 4 ኪሎ ገደማ ይበላል። ሳሶውም ከ45ኛው ቀን በኋላ ያለው ብቻ ቢቆጠር ከዚያ ብዙም አይርቅም። ኮብ ግን የተመጣጠነ ስታርተርና ፊኒሸር (የመጀመሪያና የማጠናቀቂያ መኖ) ካላገኘ ኮብነቱ ይቀራል፤ ፍሩሽካና ፍርፋሪ ብትሰጡት እግሩ ይልፈሰፈሳል፣ ክብደቱም አይመጣም። ሳሶ የእንጀራ ፍርፋሪም፣ የጎመን ቅጠልም፣ ግቢ ውስጥ ጭሮ ያገኘውንም ይጠቀምበታል። መኖ ከጠቅላላ ወጪያችሁ ከግማሽ በላይ መሆኑን አስባችሁ ይህን መዝኑት።

አሁን ወደ ድስቱ። ይህን ሳይጠይቁ ዶሮ መግዛት ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። የ42 ቀን ዶሮ ገና ጫጩት ነው፤ ስጋው ለስላሳ፣ ቆዳው ስብ ያለው ነው። ለጥብስ፣ ለአሮስቶ፣ ለሩዝ ይጣፍጣል። ዶሮ ወጥ ላይ ግን ቁሌቱ ውስጥ እንደ ሐበሻ ዶሮ ቶሎ ከጨመራችሁት ይፈርሳል። እናቴ አንድ ፋሲካ በኮብ ሠርታ 12 ብልት አስገብታ ስታወጣ ፈረሰኛውና መላላጫው አልለይ አላት፤ ስጋው ከአጥንቱ ተላቆ ወጡ ውስጥ ቀርቷል። ሥራው ያማረ እንዲሆን ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር አለበት፤ ያኔ ደግሞ ቅመሙ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የ12 እና 13 ሳምንት ሳሶ በዚህ ይሻላል። ብልቱ ቅርጹን ይይዛል፣ ቁሌቱንም ይጠጣል።

የሐበሻ ዶሮ በጣዕም ተወዳዳሪ የለውም። ለስጋ ብሎ መኖ እየገዙ ማሳደግ ግን አያዋጣም። አንድ ኪሎ ተኩል ለመድረስ ግማሽ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ገጠር ሰፊ ግቢ ኖሯችሁ ጭሮ የሚበላ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ከተማ ላላችሁ የበዓሉን ዶሮ የደረሰውን ግዙ፤ ባይሆን ዋጋው ሳይሰቀል ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ግቢ ውስጥ አቆዩት። አዲስ ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አትቀላቅሉ፤ ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ይዞ ከገባ ሁሉንም ይፈጅባችኋል።

ከላይ ወዳነሳሁት ቢጫ ጫጩት ልመለስ። እንደ ቦቫንስ ብራውን ያሉ ቡኒ እንቁላል ጣዮች ሴቶቹ ሲፈለፈሉ ቡኒ፣ ወንዶቹ ቢጫ ናቸው። ኮብም ቢጫ ነው። በመጀመሪያው ቀን በዓይን መለየት ይከብዳል። በሰባተኛው ቀን ግን ሚዛን ላይ አውጡት፤ ደህና የተያዘ ኮብ 150 ግራም ያልፋል፣ የእንቁላሉ ወንድ ከዚያ ግማሹንም አይሞላ። እስከዚያ ላለመጠበቅ ከታወቀ ማስፈልፈያ ወይም ከወኪሉ ደረሰኝ ይዛችሁ ግዙ። ሳሶ ስትገዙ ደግሞ የፈንግልና የጉምቦሮ (ይህም የዶሮ በሽታ ነው) ክትባት መቼ መቼ እንደወሰደ በጽሑፍ ጠይቁ። «ተከትቧል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም።

ለጀማሪ፣ በተለይ ቀን ሥራ ለሚውል ሰው፣ እኔ የምመርጥለት ሳሶ ነው። ወንዶቹ ይታረዳሉ፣ ቄቦቹ ቀርተው እንቁላል ይጥላሉ። ኮብ የሚሆነው ቤት የሚውል ሰው፣ የመብራት መጠባበቂያና ሰፊ ፍሪዘር ላለው ነው። 42 ቀን ሲሞላ ሁሉም በአንድ ሰሞን መታረድ አለባቸው፤ ከዚያ በኋላ መኖ ይበላሉ እንጂ በልኩ አይጨምሩም። 30 ዶሮ ታርዶ በብልት ተቆራርጦ ሲቀመጥ 45 ኪሎ ገደማ ስጋ ነው። ቦታም ለኩ፤ በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 በላይ አታድርጉ።

ለፋሲካ ኮብ የምትፈልጉ ጾሙ ሲገባ ቀብድ ክፈሉ። ዘግይቶ የጠየቀ ሰው ጫጩት ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ማሞቂያውን ጫጩቱ ከመድረሱ አንድ ቀን በፊት አብሩትና ሌሊቱን ስንት ዲግሪ እንደሚያድር ለኩ።